የዳኛው ጥርስ

እናትየው የልጇ የጥርስ ብሩሽ ሥሩ ቡናማ መሆኑን ያየችው ሦስተኛው ብሩሽ ከተገዛ በኋላ ነው። በሁለት ወር ሦስት ብሩሽ። የመጀመሪያው ሲጣል፣ ልጄ ንጽሕና ወደደች ብላ ደስ ብሏት ነበር። ሁለተኛው ሲጣል ደግሞ፣ ደመወዝ የያዘች ልጅ መቼም ትንሽ ማባከኗ አይቀርም ብላ አለፈችው። ሦስተኛውን ግን መታጠቢያ ቤቱን ስታጸዳ ከኩባያው አነሳችው፣ ወደ አምፖሉ አስጠጋችው፣ ከዚያም አሸተተችው። እርጥብ አመድ ይሸታል።

ክፉ ክፉውን በማሰብ ማንም አይቀድማትም። ስልክ ከጮኸ ሰው ሞቷል፤ ልጅቷ አሥር ደቂቃ ከዘገየች መኪና ገጭቷታል። ብሩሹን እንደያዘች በአንድ ትንፋሽ ከጉበት ተነሥታ ቀዶ ጥገና ክፍል ደረሰች። ሆኖም በሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራች ሴት ናት። ሰው ከአፉ ምን ምን እንደሚያወጣ ከአንሶላና ከትራስ ልብስ ላይ ለይታ ታውቃለች። ይህ ደም አይደለም። ይህ እንደ ሬንጅ ጣት ላይ ይጣበቃል።

ልጅቷ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ከዋናው መንገድ ጀርባ ባለ አንድ የትምባሆ ፒፓ መሥሪያ ከተቀጠረች ሰባት ወሯ። ሥራዬ እንጨት ማለስለስና መወልወል ነው ብላ ነበር። እናትየው ያኔ ስለ መጋዙ ጠይቃለች፣ ስለ ብናኙ ጠይቃለች፣ ባለቤቱ ሚስት ይኖረው እንደሆነ ጠይቃለች፣ የእሳት ማጥፊያ የት እንደተሰቀለ ሳይቀር ጠይቃለች። ስለ አፍ አልጠየቀችም። ማን ይጠይቃል?

ማታ ስትጠይቃት ልጅቷ ብናኙ ነው አለች። ብናኝ ከመቼ ወዲህ ነው ጥርስ ሥር የሚጋገረው ብትላት፣ አንቺ ደግሞ የምትጨነቂበት ካላገኘሽ እንቅልፍ አይወስድሽም ብላ ሳቀች። ስትስቅ ግን አፏን በእጇ ከለለች። አንደኛው የላይኛ የፊት ጥርሷ ጎረቤቱ ላይ እግሩን እንደ ሰቀለ ሰው ተደርቦ የበቀለ ነው። በትምህርት ቤት ሲያሾፉባት እንኳ አፍራበት አታውቅም፤ እያሳየች ነበር የምትስቀው። እናትየው ሌሊቱን ሙሉ ያቺን እጅ ስታስብ አደረች።

በማግስቱ የምሳ ሰዓት ሲደርስ የልጅቷን ሹራብ በፌስታል አድርጋ፣ ረስተሽው ነው ልትላት ወደ ፒፓው ቤት ሄደች።

የፊት ለፊቱ ክፍል ሱቅ ነው። ፒፓዎቹ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ሰማያዊ ከፈይ ላይ እንደ ሕፃን ተኝተዋል። ከእያንዳንዱ ሥር ዳር ዳሩ ቢጫ ያለ ትንሽ ካርድ አለ። አንዱን አነበበች፤ አንድ የታወቁ ዳኛ ሠላሳ ዓመት ያጨሱበት ነው ይላል። ቀጥሎ የተጻፈውን ቁጥር ስታይ መጀመሪያ የስልክ መስሏት ነበር። ዋጋ ነው።

ማንም ብቅ ስላላለ የጓዳውን በር ገፋ አደረገችው።

ልጇ የጭስ መሳቢያው ሥር ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። አንድ ፒፓ በአፏ፣ አንድ የሚጨስ በእጇ፣ ሁለት ደግሞ ተራቸውን እየጠበቁ ከጭኗ ላይ። የግድግዳውን ሰዓት እያየች ትምጋለች፤ ፊቷ ላይ ደስታም ስቃይም የለም፣ ድንች እንደምትልጥ ሰው ናት። እግሯ ሥር ባልዲ አለ። ፒፓውን ከአፏ ነቅላ ወደ ባልዲው ተፋች። ምራቁ ቡናማ ነው፣ ረጅም ነው፣ አልበጠስ ሲላት በጣቷ ቆረጠችው። ከዚያ ሌላውን አነሣችና መምጠጫውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራ ነከሰችው። አጥብቃ፣ ዐይኗን ጨፍና።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት የበሽተኛ አንሶላ ስታገላብጥ ያላስመለሳት ሴት፣ የበሩን መቃን ይዛ ወደ ላይ የመጣባትን ዋጠች።

«እትዬ፣ ግቡ እንጂ» አላት ከኋላዋ አንድ ድምፅ። የቤቱ ባለቤት፣ ፒፓ ጠራቢው ነው። ጭራሽ አልደነገጠም። ወንበር ሳበላት፣ ሽርጡን አራገፈ፣ እንደ ደግ አስተማሪ ያስረዳት ጀመር። ሥሩ ከምን ዓይነት ቁጥቋጦ እንደሚቆፈር፣ ስንት ዓመት እንደሚደርቅ፣ አንዱን ለመጥረብ ስንት ሳምንት እንደሚፈጅበት ነገራት። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ለዚህ ሁሉ ሰው ደህና ገንዘብ ይከፍላል። ግን እንጨት እንጨት ነው፣ ሌላም ጋ ይገኛል። ከባዱን ዋጋ የሚከፍሉት ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት አፍ ነው አላት። ማን አጨሰው፣ ማን ነከሰው። አዲስ ፒፓ ገንዘብ ያለው ሁሉ ይገዛል፤ የሞተ ዳኛ የነከሰው ግን አንድ ብቻ ስለሆነ፣ አንዱ ከያዘው ሌላው በምቀኝነት ያልቃል። ስለዚህ ልጅቷ ውስጡ ጥቁር ቅርፊት እስኪያበጅ ታጨሳለች፣ የጎማ መምጠጫውን እያለሰለሰች ትነክሳለች። እሱ ራሱ እንዳይነክስ ጥርሱ ሰው ሠራሽ ነው። ይህን ሲናገር ሳቀ፤ ጥርሱ ትንሽ ዘግይቶ አብሮት ሳቀ።

«ዳኛውስ?» አለችው።

«የትኛው ዳኛ?» አላት ጠራቢው።

በዚህ መሀል የሱቁ በር ደወል ተንጫረረ። ጠራቢው አንገቱን አስግጎ አየና ፊቱ በራ። ከሁሉ የሚበልጠው ደንበኛዬ ነው ብሎ ሹክ አላት። እናትየውም ተከትላው ወጣች።

ደንበኛው ረጅም፣ ልብሱ በደንብ የተተኮሰ፣ እጁ ላይ ስስ ነጭ ጓንት ያጠለቀ ሰው ነው። ፒፓ በባዶ እጅ ከነኩት ወዙ ይበላሻል አሉ። የሌላ ሰው ጥርስ የፈተገውን አፉ ውስጥ ለመክተት ግን ጓንት አላስፈለገውም። ከቦርሳው አራት ፒፓ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ደረደረ። የመርከብ አዛዡ፣ የሐኪሙ፣ የሌላ አንድ ዳኛና የቫዮሊን ተጫዋቹ ናቸው። አራቱንም ከዚሁ ቤት ነው የገዛቸው። አጉሊ መነጽሩን አጠገባቸው አስቀመጠ።

«ዳኛውና የመርከብ አዛዡ አንድ ጥርስ ነው የነበራቸው» አለ ቀስ ብሎ። «ሐኪሙም። ቫዮሊን ተጫዋቹም።»

ጠራቢው የወረቀቱን ቢጫነት አስቦ ነበር፣ የቀለሙን ማርጀት አስቦ ነበር፣ ሟቾቹን ማንም ሄዶ እንዳይጠይቅ ከየሩቁ አገር አምጥቷቸው ነበር። አራት ሟች ሲፈጥር አፉ አንድ መሆኑ ብቻ አልታየውም። በየመምጠጫው ላይ፣ ከላይ በኩል፣ አንዱ ጥርስ ሌላው ላይ እግሩን ሰቅሏል። የጠራቢው ወዝ ከግንባሩ ወረደ።

እናትየው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የምታየው ፖሊስ ነው። ካቴና፣ ጣቢያ፣ ችሎት፣ ደግሞ ይህች ልጅ የምትተኛበት ቀዝቃዛ ሲሚንቶ። ልጅቷ አፏን በፎጣ እየጠረገች ከጓዳ ብቅ ስትል፣ እናትየው ከንፈሯን በጣቷ ተጭና ዝም በይ ብላ ጠቀሰቻት። ግን ይህች ልጅ ስትደነግጥ ነው የምትስቀው። ሳቀች። ጥርሱ ወጣ።

ባለ ጓንቱ አያት። አጉሊ መነጽሩን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው። ቢቆጣ ይሻል ነበር። እሱ ግን ፊቱ ልስልስ አለ፣ የጠፋ ዘመዱን ያገኘ መሰለ። የዳኛውን ፒፓ ወራት ሙሉ ማታ ማታ በአፌ እይዘው ነበር አለ። የሞተን ሰው አፍ ማንም አስመስሎ ይሠራል፤ በሕይወት ያለ አፍ ግን፣ ፊርማውና ፎቶግራፉ ካለበት፣ የትኛውም ሰብሳቢ እጅ የለም። ከዛሬ ጀምሮ የምትነክሰውን ሁሉ እሱ ይወስዳል፣ በእጥፍ፤ ለሌላ ለማንም እንዳትነክስ ብቻ። ጠራቢው ትንፋሹ ተመለሰለት፣ ከመቅጽበት ወረቀትና እስክሪብቶ ፍለጋ ገባ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለችው እናትየው። «ይህን ሁሉ የሚከፍሉት ለምኑ ነው? ለእንጨቱ? ለጭሱ?»

ሰውየው አሰበበት። «እንጨቱ ግሩም ነው። ግን ጓደኞቼም አላቸው» አለ። «ሌላ ሰው የሌለውን ነገር ስይዝ ብቻ ነው የያዝኩ የሚመስለኝ።»

«እንግዲያውስ እኔ ጋ ይምጡ። በቀን አራት መቶ አንሶላ እናጥባለን። የዳነም የሞተም የተኛበት ነው፤ ሳይታጠብ በኪሎ ልሽጥልዎት። አንዱ እድፍ ከሌላው አይገናኝም።»

ስድብ ነበር። ሰውየው ግን ራሱን ዘንበል አድርጎ ሰማትና፣ «የታወቁ ሰዎችም እዚያ ይተኛሉ?» ብሎ ጠየቃት።

ያን ጊዜ እናትየው ፊቷን አዞረችበት። የልጅቷን ክንድ ያዘች። ነይ እንሂድ አለቻት። ልጅቷ ክንዷን ቀስ ብላ አስለቀቀች።

«እማዬ፣ ሥራ እኮ ነው። አንቺስ የሰው ቆሻሻ አይደለም የምታገላብጪው?»

«አገላብጣለሁ። በአፌ አልይዝም።»

ልጅቷ ወለሉን አየች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሁለት ዓመት ብትታገሺኝ ከዚያ ከማጠቢያ ቤቱ እንፋሎት አወጣሻለሁ፣ እጅሽን አይተሽዋል ወይ አለቻት። እናትየው እጇን አየች። የማጠቢያው መድኃኒት የጣቶቿን ቆዳ ልጦታል። ሹራቡን ባንኮኒው ላይ ትታ ወጣች።

ሥራ ስትመለስ ነገሩን አብራት ማሽን ለምትጭነው ሴት ነገረቻት። ሴትየዋ ማሽኑን ተደግፋ እስኪያስነጥሳት ሳቀች፤ በዚያ ዋጋስ እኔ በሩንም እነክስላቸው ነበር አለች። እናትየው አልሳቀችም። ከፊቷ ያለው ጋሪ ከመንጋጋና ከአፍ ሕሙማን ክፍል የመጣ ነው። የዚያን ክፍል የትራስ ልብሶች ለብቻቸው፣ በፈላ ውሃ፣ ሁለት ጊዜ ነው የሚያጥቧቸው። አንዷን ዘረጋቻት። ልክ አፍ በሚያርፍበት ቦታ፣ ዙሪያውን ቡናማ የሆነ ክብ። ጨርቁን እንደያዘች ቆማ ቀረች፤ ተቆጣጣሪው ሁለት ጊዜ ጠርቶ አልሰማችውም።

ሊመሽ ሲል ቤቷ ሆና ደረጃው ላይ የልጅቷን ኮቴ ሰማች። ከኋላው ደግሞ ሌላ ኮቴ አለ።

በሩን ስትከፍት ልጅቷ ፊቷ ቀልቷል። አልፈረምኩም እማዬ፣ ላስብበት ነው ያልኳቸው ብላ ገባች። ባለ ጓንቱ በመኪናው አድርሷት ኖሯል፤ አሁን ደፉ ላይ ቆሟል። በአንድ እጁ ሣጥን፣ አንገቱ ላይ ካሜራ። በማምሸቱ ይቅርታ ጠየቀ፣ የጨዋ ልጅ እንደሆነ ያስታውቃል። ሣጥኑ ውስጥ ያለው ማንም ያልነከሰው ነጭ ፒፓ ነው። መጀመሪያ የምትነክሰው እዚህ፣ እራቷን በምትበላበት ጠረጴዛ ላይ ቢሆን ደስ ይለዋል፤ ይህም ከፒፓው ጋር በሚሄደው ካርድ ላይ ይጻፋል። ይህን እያለ በትከሻቸው ላይ አሻግሮ ቤቱን ያያል። ጠረጴዛውን፣ ግማሽ የተጠጣውን ሻይ፣ ብርጭቆው ጠርዝ ላይ የቀረውን የከንፈር ምልክት ያያል። ዐይኑ ምልክቱ ላይ ቆየ።

ልጅቷ አልመለሰችለትም። አልከለከለችውምም። ከንፈሯን ነክሳ ስታስብ እናትየው አየቻት፤ እጥፉን እያሰበች ነው፣ እንፋሎቱን እያሰበች ነው።

«ጌታዬ፣ ይህ ቤት ነው» አለችው እናትየው። «ሱቅ አይደለም።»

ሰውየው ስትናገር አፏን እያየ ነበር። ቃሏን አልሰማም። ጠጋ ብሎ ጎንበስ አለ።

«ከእርስዎ ነው ለካ የወረሰችው» አለ። «ጥርሱ ያው ነው። ሁለታችሁም ብትነክሱልኝ... የእናትና የልጅ፣ ጥንድ። በዓለም ላይ የማንም እጅ አይገባም።»

እናትየው አፏን በእጇ ሸፈነች። ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ አድርጋ አታውቅም፤ እጇ ራሱ ነው የሄደው። የተላጡት ጣቶቿ ከንፈሯ ላይ ቀሩ።

ልጅቷ ያን እጅ አየች። ሰባት ወር ሙሉ የራሷን አፍ ስትሰጥ ምንም አልመሰላትም ነበር፤ ጣዕሙን ትታጠባለች፣ ብሩሽ ትቀይራለች፣ ያልፋል። አሁን ሰውየው እናቷን ወደላይ ወደታች ሲያይ፣ ጥንዱ ስንት ያወጣል ብሎ እንደሚያስብ ነጋዴ ሲያይ፣ እስከ ጉሮሮዋ የመጣባትን፣ ባልዲ ስለሌለ፣ ዋጠችው። እናቷን በክርኗ ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ከፊት ቆመች።

«ጋሼ» አለችው ረጋ ብላ፣ «እግርዎን ከበሩ ያውጡልኝ።»

ሰውየው ጎንበስ ብሎ ጫማውን አየ። ጨዋ ስለሆነ እግሩን ሳበ። ልጅቷ በሩን ገፋችው፣ ቁልፉን አንድ ጊዜ አዞረችው። ከውጭ ድምፁ አልተቋረጠም። በትሕትና፣ ከእንጨቱ ጀርባ፣ ዋጋ እየጨመረ ነው።

ቁልፉን ሁለተኛ አዞረችው።