የተለማመደችበት ራስ

«‹…ከዚያም አገባሁ፤ አንዲት ልጅ ወለድን። በዚያው ዓመት ሱቁን ለማስፋት አሰብኩ›» ብለው አነበቡ ጡረተኛው መምህር፤ ጣታቸውን በምላሳቸው አርሰውም ቀጣዩን ገጽ ገለጡ።

ባሏ የሞተባት እናት ከፍራሹ ላይ ቀና አለች። ከትናንት ጀምሮ ስትጠብቀው የነበረው ይህን ቦታ ነው። መምህሩ ስለ ሱቁ መስፋት፣ ከዚያ ስለ አዲሱ መስተዋት፣ ከዚያ መስተዋቱን በጋሪ ሲያመጡት ስለያዛቸው ዝናብ እያነበቡ ሲሄዱ ታገሠች፤ ወደ ጋብቻው ይመለስ ይሆናል ብላ ነው። መስተዋቱ በደህና ግድግዳው ላይ ተሰቀለ፤ ምዕራፉም አለቀ።

«ወይ ጉድ! እንዲያው እንዴት አድርጎ ነው የጻፈው!» አሉ መምህሩ። ሰዉም በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ።

የለቅሶው ሁለተኛ ቀን ነበር። ሟቹ ጸጉር አስተካካይ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ የሰፈሩን ራስ ሲከረክም ኖሮ፣ በስተእርጅና የሕይወት ታሪኩን ጽፎ፣ መጽሐፉ ታትሞ በወጣ በአራተኛው ወር ልቡ ቀጥ አለችበት። ቤቱ በለቀስተኛ ሲሞላ፣ ጎረቤቱ መምህር «ከኛ ወሬ የራሱ ቃል ይሻላል» ብለው መጽሐፉን አነሡና ከሰዓት ከሰዓት ጮክ ብለው ለለቀስተኛው ያነቡ ጀመር። ሚስቱ ፊደል አልቆጠረችም። «አነብልሻለሁ» ይላት ነበር፤ ግን አንድ ቀን ዓይኔ ደከመ፣ አንድ ቀን ደንበኛ በዛ እያለ፣ ሳያነብላት ሞተ።

«ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ አብራው ኖራ!» አለች አንዲት ጎረቤት፣ እሷ ሹክሹክታ በመሰላት ድምፅ። «መስተዋቱ ሦስት ገጽ ሲደርሰው ለሷ አንድ መስመር?»

«የወንድ ነገር» አለች አጠገቧ ያለችው።

ልጅቷ ከፔርሙዙ አጠገብ ቆማ ሻይ ትቀዳ ነበር። ሰምታለች። ሥራዋ አርታዒነት ነው፤ የአባቷን መጽሐፍ ያረመችው እሷ ናት። ከደንበኞቿ አንዷ፣ ጡረታ የወጣች ነርስ፣ ጉንጯን ስማ «ፈጣሪ ያጽናሽ» ካለቻት በኋላ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። «እኔኮ የራሴን ታሪክ ላንቺ ያመጣሁት የሳቸውን መጽሐፍ አንብቤ ነው። አንዲት ትርፍ ቃል የለበትም።»

ሌላ ቀን ቢሆን ደስ ባላት። አሁን ግን ብርጭቆው እስኪፈስ ድረስ ቀዳችው።

ማምሻውን ሰዉ ሳሳ ሲል እናትየዋ ወደ ጓዳ ጠራቻት።

«መጽሐፉ አለቀ?»

«አንድ ምዕራፍ ይቀረዋል፤ ነገ ይነበባል።»

«እኔ አለሁበት?»

አርታዒዋ ታጥቦ ያለቀውን ብርጭቆ እንደገና ማጠብ ጀመረች። «ስለ ደንበኞቹ ነው።»

«አባትሽ ጨዋ ነበር» አለች እናትየዋ። «ክፉዬን ላለመጻፍ ብሎ ይሆናል ደጉንም የተወው። አንቺ በተወለድሽ ሰሞን ሁለት ወር ተኮራርፈን ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። ‹ይቅር ብዬሻለሁ› ብሎኝ ነበርኮ። ለካ ከአንገት በላይ ኖሯል።»

«እማዬ፣ እንደሱ አይደለም…»

«ታዲያ እንዴት ነው?»

መናገር የነበረባት ያን ጊዜ ነው። ነገር ግን በሩ ተንኳኳ፣ ሌሎች ለቀስተኞች ገቡ፣ እሷም «መጣሁ!» ብላ እየተሯሯጠች ወጣች። ፈሪ መሆኗን ያን ዕለት አወቀች፤ በራሷም አፈረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ስድስት ዓመት የፊደል ግድፈት ስትለቅም የኖረችበትን ማተሚያ ቤት ትታ፣ በራሷ የምትሠራ አርታዒ ልትሆን ወጣች። አራት ወር ሙሉ ያንኳኳችው በር ሁሉ «ልምድ አለሽ ወይ?» ይላታል። ልምዱ የሚገኘው ከሥራ፣ ሥራው የሚገኘው በልምድ ሆኖባት ስትብሰለሰል፣ አባቷ አንድ እሑድ ምሳ ላይ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«እኔ ሙያ የለመድኩት በአጎቴ ራስ ነው» አላት። «ሁለት ወር ባርኔጣ አድርጎ ኖሯል፤ አንድ ቀንም ግን አልተቆጣኝም። መቀስ ብቻውን ምን ያደርጋል? ራስ ያስፈልጋል። እንግዲህ የኔን ውሰጂ።»

«የምን ራስ ነው ደግሞ?»

«ልጽፍ ነዋ! እኔ እጽፋለሁ፣ አንቺ ትለማመጂበታለሽ።»

ቀልዱን መስሏት ሳቀች። እሱ ግን በማግስቱ ደብተር ገዛ። ባንዱ ደንበኛና በሌላው መካከል፣ ጸጉር በተነሰነሰበት ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሰባት ደብተር ሞላ። እሷም በሰባቱ ደብተር ሙያ ተማረች። ዓረፍተ ነገሩን ጮክ ብላ እያነበበች የሚያደናቅፋትን ቦታ ማወቅ፣ አንዱን ቃል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት አድርጎ ለመጻፍ መዝገብ መያዝ፣ ያልገባትን በኅዳጉ ላይ መጠየቅ፤ ይህን ሁሉ የለመደችው በሱ ጽሑፍ ነው። ከኢንተርኔት ላይም ትምህርት ትከታተል ነበር። አራተኛው ደብተር በደረሳት ሳምንት የተማረችው «ታሪኩን ወደ ፊት የማይወስድ ሁሉ ይቆረጥ» የሚል ነበር። አዲስ መቀስ እንደያዘ ሰው የምትቆርጠው ፈለገች።

አራተኛው ደብተር ውስጥ ስለ እናቷ ዐሥራ አንድ ገጽ ነበር። በየገጹ «ማታ ስገባ ‹ደከመህ?› አለችኝ። ‹አልደከመኝም› አልኳት» ይላል። ለሷ የታያት ይኸው ብቻ ነው። አርታዒዋ ዐሥራ አንዱንም ገጽ በቀይ ስክሪብቶ ከዳር እስከ ዳር ሰረዘችና ከጎኑ «ድግግሞሽ፤ ታሪኩን ወደ ፊት አይወስድም» ብላ ጻፈች። አባቷ ደብተሩን ተቀብሎ ብዙ ቆየበት። ከዚያ «አንቺ ታውቂያለሽ» አላት። እሷም የምታውቅ መሰላት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ለቀስተኛ ሳይመጣ፣ ሻሿን አስራ ወደ ሱቁ ሄደች። የአባቷን የሥራ ባልደረባ ጋሼ ጎፈሬን አገኘቻቸው፤ ራሳቸው ላይ አንዲት ጸጉር ስለሌለች ነው ሰፈሩ ጎፈሬ ያላቸው። ሱቁን ሊከፍቱ ሳይሆን ሊያጸዱ መጥተው፣ የሟቹን ወንበር በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላሉ።

«ጋሼ፣ የአባዬ ደብተሮች እዚህ ይሆኑ?»

«የትኛውን ፈለግሽ?»

«አራተኛውን።»

እጃቸውን ከወንበሩ አነሡ። ከመስተዋቱ ሥር ያለውን መሳቢያ ስበው፣ በንጹሕ ፎጣ የተጠቀለለ አንድ ደብተር አወጡና ሰጧት። የቀሩት ስድስቱ ያለ ፎጣ ነው የተቀመጡት።

«የሰረዝኩትን ሲያይ ተናዶ ነበር?»

«ተናዷል እንጂ! ሰው አይደለም? አንድ ደንበኛ እስኪቀየም ድረስ ዝም ብሎ ነው የዋለው። ‹ታዲያ ለምን አትነግራትም?› አልኩት። ‹ራሴን ሰጥቻት፣ መቀሱ ሲነካኝ ብጮህባት፣ ዕድሜ ልኳን እጇ ይንቀጠቀጣል› አለኝ።»

«ለእማዬስ ምን ሊላት ነበር?»

«እሱን ፈርቶ አይደል እንዴ መጽሐፉን ሳያነብላት የቀረው! ‹ልጄ ሙያው ሲገባት ራሷ ትመለስበታለች፤ ያን ጊዜ ሁለታችን እናነብላታለን› ይል ነበር።» ጨርቁን አጥፈው መልሰው ዘረጉት። «ሲጠብቅሽ ነበር፣ ልጄ።»

የሟቹ ወንበር ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ከሞተ ጀምሮ ለቀስተኛ ስታስተናግድ እንዲህ አድርጋ አላለቀሰችም ነበር። ሙያው ከገባት እኮ ዓመት አልፎታል። ዛሬ የማንንም ጽሑፍ ባለቤቱን ሳትጠይቅ አትሰርዝም፤ የነርሷን ረቂቅ ስታርም ስንት ጊዜ ደውላላታለች። ወደ አባቷ ደብተር ግን አልተመለሰችም። ጋሼ ጎፈሬ «አይዞሽ» አላሏትም፤ አጠገቧ ቆመው ጠበቋት።

ቤት ስትደርስ እናቷ ብቻዋን ፍራሹ ላይ ተቀምጣለች። አርታዒዋ ፊት ለፊቷ ተንበረከከች።

«እማዬ፣ የቆረጥኩሽ እኔ ነኝ።»

«ምን አልሽ?»

«አባዬ ጽፎሽ ነበር። እኔ ነኝ ከመጽሐፉ ያወጣሁት። አይረባም ብዬ።»

እናትየዋ ልጇን አየቻት፤ ከዚያ ደብተሩን አየች። «ጽፎኝ ነበር?»

«ዐሥራ አንድ ገጽ።»

«ብዙ ነው?»

«ከሁሉም ምዕራፍ ይበልጣል። ከመስተዋቱም።»

እናትየዋ እጇን አንሥታ የልጇን ትከሻ በጥፊ መታች፤ አላሳመማትም። «አንቺ ክፉ!» አለች። ሁለተኛ ለመምታት ያነሣችው እጅ ግን እዚያው ትከሻ ላይ ቀረ። «እኔን ሌሊቱን ሙሉ ከሬሳ ጋር አጣላሽኝ። በይ አንብቢ።»

አነበበች። አንዲት ቃል ሳትዘል፣ «ደከመህ?»ንም «አልደከመኝም»ንም በየቦታቸው። እናትየዋ በእያንዳንዱ «ደከመህ?» ላይ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ስድስተኛው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦

«መጀመሪያ ያየኋት ታናሽ ወንድሟን ጸጉር ልታስቆርጥ ስትመጣ ነው። ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች። ‹ጆሮውን ብትነካው ወየውልህ!› አለችኝ። ፈራኋት። እጄ ተንቀጠቀጠ። ጆሮውን ነካሁት። በሳምንቱ ልጁን ይዛው ተመልሳ መጣች። ‹ምኑን ልቁረጠው? ገና መች አደገ?› ብላት ‹ባለሙያው አንተ ነህ!› አለችኝ።»

«ዋሾ!» አለች እናትየዋ እየሳቀች፤ እንባዋ ግን አገጯ ደርሷል። «በሳምንቱ አይደለም፣ በዐሥራ አምስት ቀኑ ነው። ሰማያዊ ቀሚስም ኖሮኝ አያውቅም። አረንጓዴ ነው፤ ያውም የአክስቴን ተውሼ።»

«በሚቀጥለው እትም ምዕራፉን ሙሉውን እመልሰዋለሁ» አለች አርታዒዋ። «ቀሚሱን አረንጓዴ ብዬ ላርመው?»

እናትየዋ አሰበች።

«ሰማያዊ የሚለው የቱ ጋ ነው?»

አርታዒዋ የእናቷን ጣት ይዛ መስመሩ ላይ አሳረፈችላት።

«ይቺ ናት?»

«እሷ ናት።»

«ተያት» አለች እናትየዋ። «ሰማያዊ ይሁንለት።»

ደጅ ላይ የእግር ኮቴ ተሰማ፤ ለቀስተኛው መምጣት ጀምሯል። እናትየዋ ጣቷን ከቃሉ ላይ አላነሣችም።