የሃርሲዲ የመጨረሻ ቁራጭ

የካርሳን መርከብ ሃርሲዲ ሸራዋን ስትዘረጋ የሕንዷ ወደብ የማንድቪ ከተማ ግማሿ ጥላ ውስጥ ትገባና ሴቶቹ «ልብሳችን አልደርቅ አለ!» እያሉ ይሳደቡ ነበር። ምሰሶዋንማ ጨረቃ ራሷ ጎንበስ ብላ ነበር የምታልፈው። ከዛንዚባር ቅርንፉድ ጭና ስትመለስ ሽታዋ ቀድሟት ወደብ ይገባና አገሩን ሁሉ ያስነጥሳል።

ይህችን ጉድ የበላት የካርሳን ጥድፊያ ነው። ክረምቱ ሲያበቃ፣ በባሕር በዓል ቀን ለባሕሩ ኮኮናት ሳይወረወር ማንም ሸራ አይሰቅልም። እሱ ግን የባስራን ተምር ቀድሞ ሊጭን፣ «ባሕሩ እኔን ያውቀኛል» ብሎ ወጣ። ገና ሳይርቅ ባሕሩ ተራራ አይቶት የሚያፍር ማዕበል አንስቶ ከአለት ጋር አላተማት። ሰዎቹ በሙሉ ተረፉ፤ ከሃርሲዲ ግን ለጥርስ መጎርጎሪያ የምትሆን ስንጣሪ እንኳ አልተገኘችም።

ለአዲስ መርከብ እንጨቱ ዳርቻው ላይ ሲከመር ገላ የሚባለው ሽማግሌ አናጺ መጥረቢያውን አስቀመጠ። «ከሞተችው መርከብ ቁራጭ ካልገባባት አዲሷ መንገዱን አታውቀውም። መርከበኛም አይሳፈርባትም።»

«ዓሣ ነባሪ ነው የዋጣት! ሆዱን ቀድጄ ላምጣልህ?» አለ ካርሳን።

«አምጣ። እኔ ሻዬን እየጠጣሁ እጠብቅሃለሁ።»

ካርሳን ያለ ባሕር ምንም አይደለም። አንገቱን ደፍቶ ቤቱ ገባ። ሚስቱ ጂቪ ሊጥ እያቦካች ነገሩን ሰማችና በሳቅ ፈረሰች። ባሏን የምትጠራው በልጃቸው ስም ነው።

«የራምጂ አባት፣ ይሄ ገበቴ ከምን የተጠረበ መሰለህ? ሃርሲዲ ስትሠራ ገላ ከሆዷ ሥር ከሚዘረጋው ዋና ግንድ ቆርጦ የሰጠኝ አይደል?»

ሊጡን ጠራርጋ፣ ገበቴውን ራሷ ላይ ደፍታ ወደ ዳርቻው ወረደች። ገላ አገላብጦ አየው።

«የእጅ ሥራውስ የኔ ነው። ግን እህቴ፣ ይሄ ባሕር ነክቶት አያውቅም።»

«ይሄ ሰውዬ በወጣ ቁጥር ምን እያንጠባጠብኩበት ያቦካሁ ይመስልሃል? በጨውነቱ ከባሕሩ ቢበልጥ እንጂ አያንስም!»

ገላ ሳቀ፤ ሳቁ ካራቺ ድረስ ተሰማ። መጥረቢያውንም አነሳ።

«ከአዲሷ የመጀመሪያው ፍላጭ የኔ ነው» አለች ጂቪ፤ «ሌላ ገበቴ ይሠራልኝ።»

«ይቺ እኮ አትሰጥምም!» አለ ካርሳን።

«አንተ ከኮኮናቱ ካልቀደምክ።»

አልቀደመም። በበዓሉ ቀን ካርሳን የወረወረው ኮኮናት ባሕሩን በአንድ ክንድ ከፍ አደረገው። የአዲሷ ሸራ የተሰቀለው ከዚያ በኋላ ነው፤ የማንድቪ ሴቶችም ልብሳቸው እንደገና አልደርቅ አላቸው።