እንግዳው አይበላም

፩

እምቢ አለ።

፪

ከዚህ መጀመሬ ልክ አይደለም፤ አውቃለሁ። እምቢ ያለው ማን እንደሆነ አስቀድሜ መናገር ነበረብኝ። ችግሩ፣ ቤታችን ውስጥ እምቢ ያሉት ሁለት ናቸው።

አንደኛው አባቴ ነው። ጎረቤቶቻችን ጋሽ ወንዳፍራሽ ይሉታል። ወጣት ሳለ ምጽዋ፣ የባሕር ኃይል መርከብ ላይ መካኒክ ነበር። እናቴ ከሞተች ወዲህ ከሻይና ከወተት በቀር እህል አልቀምስ ብሏል። ሐኪሞቹ ደሙንም ሆዱንም መርምረው "ምንም የለባቸውም" አሉኝ። ምንም የሌለበት ሰው ቀበቶው ላይ በሚስማር አዲስ ቀዳዳ ይበሳል እንዴ?

ሁለተኛው ዓሣ ነው። አውራ ጣቴን አያክልም። ሰማያዊ ነው፤ በላዩ ላይ ብርቱካናማና አረንጓዴ መስመር እንደ ጥልፍ ይጠማዘዝበታል። የባሕር ዓሣ ነው፤ ያለ ጨው ውሃ አይኖርም። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ምንም ሥራ የለውም። ያመጣሁት እኔው ነኝ።

፫

ባሕር እንዴት ይሠራል (መመሪያ)

መስታወት ግዢ፤ ወፍራሙን። ሶፋሽን አውጥተሽ ቦታ ልቀቂለት። የወጥ ጨው እንዳትጨምሪ፤ ከውጭ የሚመጣውን የባሕር ጨው ፈልጊ፣ ፈልገሽም አጪው፣ ደግመሽ ፈልጊ። የቧንቧ ውሃ አጣሪ። ውሃ ከመጣ ማለቴ ነው። ድንጋይ አስገቢ፤ የመንገድ ድንጋይ ሳይሆን ከባሕር የወጣ። ውሃውን የሚያናፍሰውን ሞተር ሰኪ።

መብራት ሄደ።

ጠብቂ።

መብራት መጣ። ሰኪ።

መብራት ሄደ።

እኔ መኪና መንዳት ነው የማስተምረው። ቀኑን ሙሉ "ፍሬን! ፍሬን ያዝ እንጂ!" ስል እውላለሁ፤ ትዕግሥቴን መንገድ ላይ ጨርሼ ነው ቤት የምደርሰው። ይኼን ሁሉ ጣጣ የተሸከምኩት አባባ የሚያየው ነገር እንዲያገኝ ብዬ ነው። ልጆች ሳለን ስለ መርከቡ ንገረን ስንለው፣ ከጠርዙ ላይ አጎንብሶ ያያቸው ስለነበሩት ዓሣዎች ነበር የሚያወራን። ዓሣ ካየ ደስ ይለዋል፤ ደስ ካለው ይበላል። ያሰብኩት ይኼንን ነበር።

ሞኝ!

፬

ስልክ (እንደወረደ)

ዓሣውን ከጅቡቲ ያመጣልኝ ሰው ሙክታር ይባላል።

እኔ፦ ሙክታር፣ ዓሣህ አይበላም።

ሙክታር፦ ምን ሰጠሽው?

እኔ፦ ሽሪምፕ። እሱን እምቢ ሲል ሽሪምፑን ከትፌ። እሱንም እምቢ ሲል ከትፌ፣ ለብ አድርጌ።

ሙክታር፦ እሱማ አይበላም።

እኔ፦ እንዴት አይበላም?

ሙክታር፦ የዚህ ዓይነቱ የሞተ ነገር አይነካም። ድንጋዩ ላይ የሚርመሰመሱ ነፍሳት አሉ፤ ዓይን በግድ ነው የሚያያቸው። እነሱን እየለቀመ ነው የሚኖረው። ያንቺ ድንጋይ ላይ ገና አልተባዙም።

እኔ፦ ታዲያ ስትሸጥልኝ ለምን አልነገርከኝም?

ሙክታር፦ እህቴ፣ "የሚያምር" አልሽኝ እንጂ "የሚበላ" መች አልሽኝ?

እርር ድብን አልኩ።

፭

አባባ ግን ወደደው። ወንበሩን መስታወቱ ፊት ስቦ ይውላል። መብራት ሲሄድ ዓሣው አየር እንዳያጥረው ውሃውን በጣሳ እየቀዳ ከከፍታ መልሶ ያፈስለታል፤ ክንዱ እስኪዝል። ስም እናውጣለት ስለው "ምን ስም ያስፈልገዋል? እንግዳ ነው፤ እንግዳው በይው" አለኝ።

"እንግዳው ዛሬም አልበላም፣ ትርሲት?"

"አልበላም። አንተስ?"

"እንግዳ ፊቴ ተቀምጦ ጦሙን እያደረ፣ እኔ በምን አንጀቴ እበላለሁ?"

ይኸውላችሁ! አንድ እምቢተኛ ሳይበቃኝ፣ ሰበብ የሚሆነው ሌላ እምቢተኛ ገዝቼ አስቀመጥኩለት። ጨጓራዬ ተላጠ።

፮

እትዬ ዘርፌሽዋል በራቸው ከበራችን ፊት ለፊት ነው። የእናቴ የነፍስ ወዳጅ ነበሩ። እኔ ሥራ ስሄድ ምሳ ሸፍነው ይዘው ይመጣሉ። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አንባቢም ያውቀዋል፤ ስንት ቤት ተቀምጦ አይቶታል።

"በሞቴ!"

"ኧረ በቃኝ፣ ዘርፌ።"

"በሞቴ አልኩ እኮ ጋሼ! አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ!"

ሰው በሞቴ ብሎ፣ ጉርሻ ጠቅልሎ፣ እጁን ዘርግቶ ሲጠብቅ አፉን የማይከፍት አላየሁም። አባባም ይከፍታል። ስመለስ እትዬ ዘርፌ ደረጃው ላይ ይጠብቁኛል። "ዛሬ እኮ አራት ጉርሻ! እልል በይ!" ይሉኛል። እኔም ጉንጫቸውን አገላብጬ እስማለሁ። ተመስገን፣ ተመስገን፣ ተመስገን።

ቀበቶው ላይ ሌላ ቀዳዳ ተበሳ።

ሐዘን ነው አልኩ።

፯

እንግዳው ወፈረ።

ይኼንን ዓረፍተ ነገር ብቻውን ያቆምኩት ያን ቀን የተሰማኝ እንዲሰማችሁ ነው። ጎድጉዶ የነበረው ሆዱ ሞላ፣ ቀለሙ ደመቀ። ድንጋዩን ሲዞር ይውላል፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ሁለቱም በሉልኝ ብዬ ሳሎን መሀል ብቻዬን እስክስታ ወረድኩ። ቪዲዮ ቀርጬ ለሙክታር ላክሁለት። "አይበላም ያልከኝን ዓሣ እየው!" ብዬ ጻፍኩበት።

፰

ስልክ (እንደወረደ፣ እንደገና)

ሙክታር፦ ቪዲዮውን አየሁት። እንዲህ ቶሎ መወፈር አልነበረበትም።

እኔ፦ ምቀኛ!

ሙክታር፦ ስሚኝማ። መስታወቱን አረንጓዴ ነገር ይዞታል። ነፍሳቱ እንዲህ የሚባዙት የሚበሰብስ ምግብ ሲያገኙ ነው። ውሃው ውስጥ ምን እየጨመራችሁ ነው?

እኔ፦ ምንም።

ሙክታር፦ አንድ ሰው እየጨመረ ነው። ድንጋዩን ከኋላ እዪው። ለጊዜው ዓሣው ተመችቶታል፤ ከቀጠለ ግን ውሃው ይበላሽና ይሞትብሻል።

፱

እናንተ ብትሆኑ ድንጋዩን ከኋላ ታዩ ነበር። ጤነኛ ሰው የሚያደርገው እሱን ነው። እኔ ግን ደሜ ፈልቶ ነበር። ቀጥ ብዬ ሄጄ የእትዬ ዘርፌን በር ደበደብኩ።

"ዓሣዬን ምን እያበላሽ ነው?"

እርስዎ እያልኩ ያደግሁትን ሴትዮ አንቺ አልኳቸው።

"እኔ?"

"ሰው ማጉረስ አልበቃሽ ብሎ ዓሣ ታጎርሺ ጀመር?"

በእጃቸው ቢላዋና ግማሽ ሽንኩርት ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም።

"ልጄ፣ እኔ ያን ባሕርሽን እፈራዋለሁ። ኮረንቲ አለው ካልሽኝ ጀምሮ አጠገቡ ደርሼ አላውቅም። እኔ የማጎርሰው አባትሽን ነው። አጉርሼ እጄን ልታጠብ ጓዳ እገባለሁ። ስመለስ ጋሼ አፋቸውን ጠርገው ይጠብቁኛል።"

እጄን ልታጠብ ጓዳ እገባለሁ አሉ። እሳቸውን በሩ ላይ ትቼ ወደ ቤት ሮጥኩ።

፲

ድንጋዩን ከኋላ አየሁ።

ፍርፍር።

ጥብስ።

የዶሮ ወጥ እንጀራ፣ የተጠቀለለበት ቅርጹ እንኳ ሳይጠፋ፣ ጥርስ ሳይነካው። ከሥር ያለው በስብሶ ላሽቋል፤ በላዩ ላይ ነጫጭ ነፍሳት ይርመሰመሳሉ። እንግዳው ከመሀላቸው እየመረጠ ይለቅማል።

ዓሣው የወፈረው በአባቴ ምሳ ነው። ሳምንታት ሙሉ አባቴ በላልኝ ብዬ ስጨፍር፣ እሱ አንድ ጉርሻ እንኳ አልዋጠም።

እትዬ ዘርፌ ተከትለውኝ መጥተው ኖሯል። አዩት። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙና ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ።

"እኔ እኮ በሞቴ ነው ያልኳቸው" አሉ።

፲፩

እዚህ ቦታ ላይ ጩኸት ጽፌ ነበር። ሙሉ ገጽ። ሰርዤዋለሁ፤ አባባ ላይ የጮህኩትን ሰው እንዲያነበው አልፈልግም። በጩኸቱ ውስጥ "ገደልከኝ" የሚል ቃል ብዙ ጊዜ ነበረ፤ እሱን ካወቃችሁ ይበቃል።

ስጨርስ "ሴትዮዋን ማሳፈር ከበደኝ" አለ።

፲፪

እትዬ ዘርፌ ምሳውን ትተውልን፣ በሩን ቀስ አድርገው ዘግተው ወጡ። ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"እንግዳው ሳይበላ እኔ አልበላም ነበር ያልከኝ።"

"ብያለሁ።"

"በላ እኮ! ሆዱን እየው! ጠግቧል!"

"አየሁት። ደስ ይላል።"

"ታዲያ?"

ወደ መስታወቱ ዞረ።

ሳህኑን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠቀለልኩ። በሞቴ የምትለዋ ቃል ምላሴ ላይ ደርሳ ነበር። ብናገራት አፉን እንደሚከፍት አውቃለሁ። ጉንጩ ውስጥ ይዞ ፊቴን እስካዞር እንደሚጠብቅም አሁን አውቃለሁ። ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለስኩት።

"አባባ።"

"አቤት።"

"እማማ ጋ መሄድ ነው የምትፈልገው?"

እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም ጠይቆት አያውቅም። ሐኪሞቹም፣ እትዬ ዘርፌም፣ እኔም። አፉን እንዲከፍት ነበር የምንለምነው፤ እንዲናገርበት ግን አይደለም።

ፊቱን ከመስታወቱ አዙሮ አየኝ። ዓይኑ ሞልቷል። እጄን ያዘና መለሰልኝ። መልሱን ግን አልጽፈውም፤ ቀጣዩን ቁጥር ባዶ የተውኩት ለእሱ ነው።

፲፫