ለሮማ መንገድ የተላከ ሽማግሌ

በዕድሜዬ ሽምግልና የሄድኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም ለድንጋይ። ድንጋይ ስላልኩ ግን አትናቁት፤ ሁለት ሺህ ዓመት መሬት ውስጥ የተኛ፣ የጋሪ ጎማ የበላው ድንጋይ ነው። እኔ አልጋነሽ ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያስተማረኝ የለም። ቢሆንም እዚህ አሜሪካ፣ የአበሻ ሱቅ በሞላበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ ይህን ታሪክ መስማት የሚፈልግ ወደ እኔ ይምጣ። ሌላው ሰው ጨማምሮ ነው የሚያወራው።

ነገሩ የልጅ ልጄ የራኬብ ነው። ልጄ ጸጋዬ የኤርፖርት ቫን እየነዳ ሲያሳድጋት ነርስ ትሆናለች ብሎ ነበር። እሷ ዩኒቨርሲቲ ከገባች በኋላ አንድ እሑድ ምሳ ላይ "የማጠናው የሮማውያንን የጠፋ መንገድ ነው" ብላ ዱብ አደረገችው። ጸጋዬ መጉረሱን አቆመ። እኔ ደግሞ ሮማውያንን የማውቃቸው ከስቅለት ነው።

"ጌታዬን የገረፉትን?" አልኳት።

"እማማ፣ እነሱ ወታደሮቹ ናቸው። እኔ መንገዱን ነው የማጠናው።"

"ወታደሩስ በምን መጣ? በመንገዱ አይደለም?"

ሳቀች። "ኦኬ፣ ጳውሎስስ? ታስሮ ወደ ሮም ሲወሰድ እንዲህ ባለው መንገድ ላይ ነው የሄደው።"

ጳውሎስን ስታመጣብኝ ተረታሁ። መረታት ልማዴ ስላልሆነ ጸጋዬ አሞኝ እንደሆነ ዞሮ አየኝ።

መንገድ ደግሞ ለእኔ ባዳ አይደለም። ያደግሁት ጣርማበር ሥር ነው፤ ጣሊያን ተራራውን በስቶ ሠርቶት ጥሎ በሄደው መንገድ ላይ። መንገድ ሠርቶ ጥሎ መሄድ ለካ ከአያት ከቅድመ አያት የወረሱት ነው አልኩ በሆዴ።

ራኬብ ስልኳን አውጥታ ከሰማይ የተነሣ ፎቶ አሳየችኝ። የስንዴ እርሻ ነው። ስንዴው አረንጓዴ ሆኖ መሀል ለመሀል ቀጥ ያለ ቢጫ መስመር ሄዶበታል፤ ማበጠሪያ የከፈለው ፀጉር ይመስላል። ከሥሩ ድንጋይ ስላለ እዚያ ላይ ያለው ስንዴ ውሃ አጥቶ ከሌላው ቀድሞ ይደርቃል አለችኝ። ወዲያ ማዶ የመንገዱ አንዱ ቁራጭ ተገኝቷል፤ ወዲህ ማዶ ሌላው። መሀሉ ጠፍቷል። ትልልቆቹ ምሁራን መንገዱ በወንዙ በኩል ዞሯል ይላሉ፤ ራኬብ በዚህ እርሻ ሥር ነው ያለው ትላለች። ካልተቆፈረ አይታወቅም። ለመቆፈር የመሬቱ ባለቤት መፍቀድ አለባት። እርሻው ጣሊያን አገር ነው፤ ባለቤትየዋ ግን የት ናት? እዚሁ አጠገባችን፣ ሎንግ ቢች!

ሴትዮዋ አሱንታ ትባላለች። በልጅነቷ ከወንድሟ ጋር በመርከብ መጥታ እዚያው የቀረች አሮጊት ናት። ዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ቢልክ ቀድዳ ጣለችው። ፕሮፌሰሩ ቢደውል ዘጋችበት። በዚያ በጋ ካልቆፈሩ ሥራው ወደ ሌላ ቦታ ሊዞር ነው፤ የራኬብ የስንት ዓመት ልፋት ሜዳ ሊቀር ነው። ራኬብ ወደ ቤት መጥታ ሶፋ ላይ ተጠቅልላ ተኛች። የሠራሁትን ሽሮ እንኳ አልቀመሰችም።

"ሰው ላካችሁባት?" አልኳት።

"ኢሜይል ላክን፣ ደብዳቤ ላክን፣ ደግሞ..."

"ሰው ነው ያልኩሽ። ኢሜይል ሰው ነው?"

"ምን ዓይነት ሰው?"

"ሽማግሌ ነዋ! የአባቷን ርስት ቆፍረን እንይ እያላችሁ ደጇን የረገጠ አንድ ሰው የለም። እኔ ብሆን ውሻ ነበር የምለቅባችሁ።"

ከሶፋው ተነሥታ ተቀመጠች። ሽሮውንም ሳበችው።

ጋሼ ተክለብርሃን ዘንድ ሄድኩ። ሆሊውድ የሰው መኪና እየተቀበሉ ሲያቆሙ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ አሁን ጠዋት ጠዋት ከአሳምነው የባልትና ሱቅ በር ላይ ወንበር አውጥተው ፌርፋክስን ይጠብቃሉ። ሽምግልና የእሳቸው ነው። በዚህ ከተማ ያላስታረቁት ባልና ሚስት ቢኖር ያልተጣላ ብቻ ነው።

"ጣሊያን ቤት?" አሉ ከዘራቸውን መሬት መትተው። "እትዬ አልጋነሽ፣ አባቴ ጣሊያንን ጫካ ለጫካ ያሳደዱ ሰው ናቸው!"

"ያሳድዱ አላልኩም ጋሼ፣ ይለምኑ ነው ያልኩት።"

"ልመናውስ ይሁን። ሴት ግን ሽማግሌ ሆና አትሄድም። አንቱ ይቀራሉ።"

"እቀራለሁ። ያን ሁሉ የሽምግልና ንግግር በምን እንግሊዝኛ እንደሚነግሯት ብቻ ያስረዱኝ። ከቁልፍና ከቲኬት ሌላ የሚያውቁት ቃል አለ?"

አሳምነው ከውስጥ ሆኖ በሳቅ ፈረሰ። ጋሼም ተቆጥተው ተቆጥተው መጨረሻ ላይ ሳቁ። እኔም ሁለተኛ ሽማግሌ ሆኜ ገባሁ። አሳምነውም ሦስተኛ ሆነ፤ ከሽማግሌ መሀል አንድ ዝም የሚል ያስፈልጋል።

ለራኬብ ሽማግሌ ሊሄድ ነው መባሉ ግን በአንድ ቀን ፌርፋክስን አዳረሰ። ጎረቤት ልብስ የምትሸጠው ዙሌይካ ነጠላ ይዛ እየሮጠች መጣች።

"እንኳን ደስ ያላችሁ! ሙሽራው ጣሊያን ነው አሉ። ምነው የሴት ወገን ሽማግሌ ይልካል እንዴ?"

"ሙሽራው ሁለት ሺህ ዓመቱ ነው" አልኳት።

"ውይ፣ እኔስ ሰባ ነው ያሉኝ" አለችና ነጠላውን ይዛ ተመለሰች።

ቅዳሜ ከራኬብ ጋር በጸጋዬ ቫን ተጫንን። ጋርዴና የምትባለውን ከተማ ስናልፍ ጸጋዬ ወደ እኔ ዘንበል አለ። ከዚያ "እማዬ፣ ሴትዮዋ እምቢ ብትል ራኬብ ነርስነቱን ትገባለች?" አለኝ።

"እምቢ ብትል አንተ ትገባለህ" አልኩት። "ንዳ!"

ደጇ ስንደርስ ራኬብ ልትወርድ በሩን ስትከፍት ጋሼ ተክለብርሃን በከዘራቸው አገዷት። "ሽማግሌ ከሚያወራበት ቤት ባለጉዳይዋ አትገባም። እዚሁ ቆዪ።" እሷም ወግ ነው ብላ ከአባቷ ጋር ቫኑ ውስጥ ቀረች።

አሱንታ ራሷ ከፈተችልን። አሜሪካ ውስጥ ከእኔ የምታጥር ሰው ያየሁት ያን ቀን ነው። ፀጉሯን ቀይ ቀለም ተቀብታ፣ የስፖርት ጫማ አድርጋ፣ ሽርጥ ታጥቃለች። እንደምንመጣ ራኬብ ደውላ ነግራት ስለነበር ገበታው ሞልቷል፦ ፓስታ፣ ወይራ ፍሬ፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ ዳቦ።

"ተቀመጡ" አለች።

"አንቀመጥም!" አሉ ጋሼ በአማርኛ፣ ደረታቸውን ነፍተው።

የእሷም እንግሊዝኛ እንደ እኔው አንካሳ ስለሆነ በደንብ ተግባባን። "አንቀመጥም ይላሉ" አልኳት።

"ወንበሩ ምን ሆነ?"

"ምንም። ጉዳያችንን ሰምተሽ እሺ ሳትዪ አንቀመጥም፣ እህልም አንቀምስም። ወጋችን ነው።"

ፊቷ እንደ ፀጉሯ ቀላ። "እኔ ቤት ገብቶ የማይበላ ሰው ወይ ሊሰድበኝ ነው የመጣው ወይ ሊገንዘኝ!"

"ምን አለች?" አሉ ጋሼ።

"ደስ ብሏታል" አልኳቸው።

እሳቸው እሱን ሰምተው ንግግራቸውን ጀመሩ። ከአዳም ተነሥተው ኖኅ ዘንድ ሲደርሱ አሱንታ ወንበሯን ገፍታ "እንግዲያው እኔም አልቀመጥም!" ብላ ተነሣች። ሁላችንም ገበታውን ከበን ቆምን፤ ለቅሶ ቤት መሰልን። ፓስታው ይቀዘቅዛል። አሳምነው ዓሣውን፣ ዓሣው አሳምነውን ያያል። የእኔ ጉልበት ደግሞ ኖኅ መርከቡን ሳይጨርስ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሴትዮዋን ቀና ብዬ አየኋት። እሷም አንድ እጇን ገበታው ላይ ተደግፋ አንዱን እግሯን ታሳርፋለች። የእሷም ጉልበት ያው የእኔው ነው።

ወንበር ሳብኩና ተቀመጥኩ።

"እትዬ አልጋነሽ! ደንቡ!" አሉ ጋሼ ተክለብርሃን።

"ደንቡ ተቀምጦም ይሰማል" አልኳቸውና ዓሣውን በእጄ ቆርሼ ጎረስኩ። ይጣፍጣል። ትንሽ ጨው ይጎድለዋል፤ ነገርኳት።

አፍጥጣ አየችኝ። ከዚያ ጨዉን አንሥታ ፊቴ ዱቅ አደረገችው። "ልጆቼም እንደዚያ ይላሉ፤ ውሸታቸውን ነው" አለችና ተቀመጠች። አሳምነው ቀጥሎ ተቀመጠ። ጋሼ ብቻቸውን ጥቂት ቆመው፣ የሚሰማቸው ሲያጡ እሳቸውም ተቀምጠው ፓስታውን ሁለት ጊዜ አስጨመሩ።

አፏ የተፈታው ስንበላ፣ ለእርሻዋ ቁፋሮ መምጣታችንን ስነግራት ነው። እርሻው ዳር እናቷ የተከለችው በለስ አለ፤ የቁልቋሉ ሳይሆን የመጽሐፉ በለስ። እናቷ ልብስ የምታሰጣው እሱ ላይ ነው። እሷና ወንድሟ ሲሄዱ እናትየው የተሰናበተቻቸው እሱ ሥር ቆማ ነው። ድሮ የውሃ ቱቦ የሚቀብሩ ሰዎች መጥተው ምንም አንነካም ብለው ምለው ዋርካ የሚያህለውን የለውዝ ዛፋቸውን፣ ያንንም የመጽሐፉን ለውዝ፣ ገንድሰውት ሄዱ።

"ከዩኒቨርሲቲ የመጣው ወረቀት ሁሉ ቦታው፣ ቦታው ይላል" አለች። "እዚያ ዛፍ አለ ያለ አንድም ሰው የለም። ለመሆኑ የሚቆፍረው ማን ነው?"

"የልጅ ልጄ ናት። ውጭ መኪና ውስጥ አለች።"

"በዚህ ሙቀት? መኪና ውስጥ?" ብድግ ብላ ጋሼ ተክለብርሃንን ጣቷን ቀሰረችባቸው። "እናንተ ሰዎች ምንድን ናችሁ?"

ራኬብና ጸጋዬ ላብ በላብ ሆነው ገቡ። አሱንታ ራኬብን ወንበር ላይ ተጭና አስቀምጣ ሰሐኗን ሞላችላትና ፎቶውን አሳዪኝ አለቻት። ልጄ ለትምህርቷ ስትል የለቀመችውን ጣሊያንኛ አወጣች። አንድ ቃል አልገባኝም። የገባኝ አሱንታ ፎቶው ላይ ጣቷን ማሳረፏ፣ የራኬብ ፊት መገርጣቱ፣ ከዚያ ቀስ ብላ መመለሷ ነው። የተባባሉትን በኋላ ነገረችን።

"መስመርሽ በዛፌ ሥር ያልፋል ወይ?" ነው ያለቻት።

"ያልፋል" አለች ራኬብ። "ሩቅ ነው ልልሽ እችል ነበር፤ ግን ያልፋል። ከዛፉ ወዲህ እንቆፍራለን፣ ከዛፉ ወዲያ እንቆፍራለን፤ መሀሉን አንነካም። አስፋልት መሥሪያ አይደለም፣ ማየት ብቻ ነው የምንፈልገው። ፕሮፌሰሩ ዛፉ ይነሣ ካለ እኔ ራሴ እከለክለዋለሁ።"

አሱንታ ስልኩን ወደ ጎን አኖረችው። ከዚያ ዳቦ ቆርሳ በወጡ አጥቅሳ ልጄን አጎረሰቻት። እኛ አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ እሷ አታውቅም፤ እኛ ግን አወቅነው። ጋሼ ተክለብርሃን ቆመው መረቁ። ቫኑ ጋ ስንደርስ "ኖኅ ላይ ነው ልቧ የተሸነፈው" አሉኝ። ተውኳቸው።

ክረምቱ፣ የእነሱ በጋ፣ ደረሰ። አንድ ጠዋት ጸጋዬ አሱንታን ከሎንግ ቢች ይዟት መጣ፤ ራኬብ ከጣሊያን ደውላ ሁላችሁም ተሰብሰቡ ብላለች። አሳምነው ባልትና ውስጥ ስልኩን የበርበሬ ከረጢት ላይ አስደግፈን ተኮለኮልን። እዚያ አገር ፀሐይዋ ዘንበል ብላለች። የልጄ ፊት አፈር በአፈር ሆኖ ብቅ አለ፤ ጥርሷ ብቻ ነው የሚያበራው።

"እማማ፣ እዪ!"

ስልኩን ወደ ጉድጓዱ አዞረችው። ትልልቅ ጥቁር ድንጋይ፣ እንደ መንጋጋ ጥርስ ተጋጥሞ። ላዩ ላይ ጋሪ የቦረቦረው ሁለት መስመር ጎን ለጎን ይሄዳል። እየሄደ፣ እየሄደ በለሱ ሥር ገባ። ራኬብ ዛፉን ዞረች፤ እየሮጠች ስለነበር ሰማዩ ከመሬቱ ተገለባበጠብን። በዚያኛው በኩል ያው ድንጋይ፣ ያው የጋሪ መስመር፣ ከሥሩ መሀል ብቅ ብሎ ሽቅብ ወደ ኮረብታው ይቀጥላል። በወንዙ በኩል አልዞረም!

እልልታዬን ለቀቅኩት። ፌርፋክስ ላይ ሰው ቆመ። ነርስ ካልሆነች ሲል የነበረው ልጄ "የእኔ ልጅ ናት ያገኘችው! የእኔ ልጅ!" እያለ ወጥቶ መኪና የሚያቆመውን ሁሉ ያቅፋል። አሱንታ ድንጋዩን አላየችውም። አፍንጫዋን ስልኩ ላይ ለጥፋ "ፍሬ ይዟል! አያችሁ? ፍሬ ይዟል!" ትላለች፤ እንባዋ በርበሬው ላይ ይንጠባጠባል።

ዙሌይካ ሮጣ መጣች። "ሙሽራው ወጣ?"

"ወጣ!"

"እንዴት ነው ታዲያ?"

"ድንጋይ ነው።"

"ሁሉም እንደዚያው ናቸው" አለችና እልልታውን ተቀበለችኝ።

ሳምንት ሳይሞላ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት አሱንታ ናት። ከኋላዋ ሁለት ሽማግሌ ጎረቤቶቿን አስከትላለች፤ አንዱ ኮፍያውን ደረቱ ላይ ይዟል።

"ግቡ፣ ተቀመጡ" አልኩ።

"አንቀመጥም" አለች አሱንታ።

"ምን ሆናችሁ?"

"በለሱ ሳያልቅ አገሬ ልሄድ ነው። መንገዱን ከእኔ ጋር መጥተሽ ካልረገጥሽው አንቀመጥም፣ አንበላም። ወጉ ነው።" ሁለቱ ሽማግሌዎችም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አሠልጥናቸዋለች!

እኔ አሜሪካ ከገባሁ አውሮፕላን አልተሳፈርኩም። ጉልበቴን አሰብኩት። ጳውሎስን አሰብኩት፤ እሱ እንኳ በሰንሰለት ታስሮ ሄዷል። የልጄ አፈር የለበሰ ፊት ትዝ አለኝ። እሺታው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን ትንሽ ይቁሙ ብዬ ዝም አልኩ። ባለፈው እኔም ቆሜያለሁ።