ሰላዩ ለምን ተመለሰ?

ዘመነ በጡረታ ላይ ያለ የታሪክ መምህር ነው። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፤ ልጅ አልወለዱም። ሰቆጣ ውስጥ የልብ ወዳጁ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ መሪጌታ አሥራተ ማርያም። ሁለቱን ያስተሳሰራቸው ዝምድናም ማኅበርም አልነበረም፤ አንድ የስለላ ልብ ወለድ እንጂ።

ከውጭ ቋንቋ የተተረጎመ የድሮ መጽሐፍ ነው። ሽፋኑ ተገንጥሎ ስለጠፋ ሁሉም «የሰላዩ መጽሐፍ» ይሉታል። አንድ ሰላይ ሰዓት ጠጋኝ መስሎ ጠላት አገር ይገባል። እዚያ ዓመታት ሲኖር ከአንድ ጄኔራል ሾፌር ጋር ይወዳጃል፤ ሾፌሩም ሳያውቀው ምስጢር ያቀብለዋል። በመጨረሻ ሰላዩ ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ የሚያሻግረው ድልድይ ላይ ሲደርስ፣ ሾፌሩ በእሱ ፈንታ መታሰሩን ይሰማል። ድልድዩ ክፍት ነው። ሰላዩ ግን ፊቱን አዙሮ ይመለሳል። መጽሐፉ እዚያ ላይ ያበቃል።

«ጅል ነው!» ይል ነበር አሥራተ ማርያም በየቅዳሜው። «አገሩ እጇን ዘርግታ እየጠበቀችው!»

«በዕድሜው የሠራው እውነተኛ ሥራ መመለሱ ብቻ ነው» ይመልሳል ዘመነ።

«እውነት ካማረው መጀመሪያውኑ ለምን አልመነኮሰም?»

በጦርነቱ ጊዜ ስልክና መብራት ተቋርጦ፣ ሰው ከደጁ መውጣት ሲፈራ እንኳ፣ ዘመነ በጓሮ በጓሮ ወዳጁ ቤት እየሄደ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተከራክሯል።

አሥራተ ማርያም ባለፈው ክረምት ታሞ ሞተ። ተዝካሩ ወጥቶ ዘመድ አዝማድ ሲበተን፣ ለዘመነ ቅዳሜ ከሌላው ቀን ሁሉ የሚረዝም ሆነበት። ጠዋት ይለብሳል፤ በሩ ድረስ ይሄዳል፤ የሚሄድበት እንደሌለው ሲያስታውስ ጋቢውን አውልቆ ይቀመጣል።

የሚከራከረው ሰው ቢያገኝ ብሎ መጽሐፉን ለባለ ጨርቅ ሱቁ ለፈይሰል አዋሰው።

«መምህር፣ ማሳደዱ ልብ ይሰቅላል» አለ ፈይሰል ሲመልስለት። «ግን ያን ሁሉ ዓመት ደንበኛ ሳይነቃበት ይቀራል? እኔ ሱቄ ፊት ሁለቴ ያለፈ ሰው አይጠፋኝም።»

«መመለሱንስ እንዴት አየኸው?»

«እሱማ የራሱ ጉዳይ ነው» አለና ወደሚለካው ጨርቅ ዞረ።

ቀጥሎ ግቢው ውስጥ ቤት ለተከራየችው ነርስ ለባንቺ ሰጣት። እሷ እስከ መጨረሻው አንብባ አለቀሰች። «ጋሼ፣ መመለሱ ትክክል ነው። እርስዎ እንዳሉት ነው» አለችው። ክርክሩ ሳይጀመር አለቀ፤ ዘመነ መጽሐፉን ተቀበላት። ባንቺ ተረኛ ነበረችና ወደ ሥራዋ ሄደች።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ሲወጣ የአሥራተ ማርያም ባለቤት ለተሥላሴ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ አስቆመችው።

«መምህር፣ ያንን መጽሐፍ ያንብቡልኝ» አለችው። «እናንተ ስትጮኹ እኔ ጠላ ስቀዳ ኖርኩ። ስለ ምን እንደምትጮኹ ግን አንድ ቀን የነገረኝ የለም።»

ከዚያ በኋላ በየእሑዱ በረንዳዋ ላይ ተቀምጦ አነበበላት። አፏን የፈታችው በኽምጣኛ ስለሆነ ጠጣር አማርኛ ሲመጣ ታስቆመዋለች፤ እሱም ቃሉን ፈትቶላት ይቀጥላል። ሾፌሩ ሰላዩን ለፋሲካ ቤቱ ሲጋብዘው እጇን አፏ ላይ ጫነች። የድልድዩ ምዕራፍ ሲያልቅ፣

«እውነትም እርስዎ ልክ ነበሩ» አለች። «እሱም እኮ ያውቅ ነበር።»

«ማን?»

«አሥራተ ነዋ። ‹ዘመነ ልክ ነው፤ ሰላዩ መመለስ ነበረበት› ብሎኛል። ‹ታዲያ ለምን ትሞግተዋለህ?› ስለው፣ ‹ከተስማማሁለት ቅዳሜ ምን ሊያደርግ ይመጣል?› አለኝ።»

ዘመነ መጽሐፉን ዘጋ። ደህና ዋይም ሳይላት ወጣ።

በሚቀጥለው እሑድ አልሄደም። በተከታዩም ቀረ። ያን ሁሉ ዓመት ብቻውን ሲጮኽ የኖረ መሰለው። ወዳጁ እያዘነለት ያጫወተው፣ እንደ ልጅ ያባበለው መስሎ ታየው። በሦስተኛው ለተሥላሴ ራሷ በትሯን ይዛ መጣች።

«ተቀይመዋል» አለች ገና ከደጅ።

«አልተቀየምኩም። ብቻ… ከማን ጋር ስነጋገር እንደኖርኩ ጠፋኝ።»

«ከማን ይሆናል? ከእሱ ጋር ነዋ! ከሐሙስ ጀምሮ ለእርስዎ የሚሰጠውን መልስ እያሰበ፣ ግቢው ውስጥ ብቻውን ሲለፈልፍ ጎረቤት ይስቅበት ነበር። ለማይወዱት ሰው እንዲህ ይለፉለታል?»

ዘመነ አቀረቀረ። በቀብሩ ቀን ያልወጣው እንባ አሁን መጣ። ለተሥላሴ እስኪወጣለት አጠገቡ ተቀመጠች። ስትነሳ ግን ሌላ የመጣችበትን ነገር ነገረችው። አምደወርቅ ከተማ የምትኖረው ልጇ ብቻዋን አትኖርም ብላ ልትወስዳት ነው።

በሳምንቱ ዘመነ መናኸሪያ ድረስ ሸኛት። ሚኒባሱ ሲሞላ ጓዟን ከእግሯ ሥር አመቻችቶላት ወረደ። «ደህና ይሁኑ፣ መምህር» አለችው በመስኮቱ። እጁን አነሣ። መኪናው አቧራውን አስነሥቶ ሄደ፤ እሱም ቀስ ብሎ ቁልቁል ወደ ቤቱ ወረደ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። ለተሥላሴ ናት።

«መምህር፣ ያ ሾፌር ግን ተፈታ?»

«መጽሐፉ አይናገርም እኮ።»

«መጽሐፉን ማን ጠየቀው? እርስዎ ምን ይላሉ?»

ዘመነ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሠላሳ ዓመት ስለ ሰላዩ ሲያስብ፣ ሾፌሩ በኋላ ምን እንደሆነ አንድም ቀን አስቦ አያውቅም።

«አልተፈታም» አለ በመጨረሻ። «ሁለቱንም ነው ያሰሯቸው።»

«ተፈቷል! ባይፈታማ ሰላዩ ምን ሊያደርግ ተመለሰ? ይስሙኝማ፣ ፋሲካ ዕለት ቤቱ ሲጋብዘው…»

መስመሩ ተቆረጠ። መልሶ ቢደውል ጥሪ አይቀበልም አለው። ወንበሩን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ ስልኩን ጭኑ ላይ አስቀመጠ፤ የሚላትን እያሰበም ጠበቀ።