መቶ በመቶ ሙሉ

1.

ሰኞ፣ ጥቅምት 12፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ። የሕንፃው አምስተኛ ፎቅ፣ የስብሰባ አዳራሽ።

ተሰዳቢ፦ ውብሸት። የፓምፕ ክፍል ሠራተኛ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያገለገለ፤ ትምህርቱን ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመ።

ተሳዳቢ፦ ኢንጂነር አቤኔዘር። ሕንፃውን በኮምፒውተር ሊያስተዳድር የመጣ።

ስድቡ፣ ቃል በቃል፦

«ጋሼ፣ ጣሪያው ላይ ጣሳ በእንጨት ሰቅለህ አየሁ። ጠላ ቤት ከፍተሃል እንዴ?»

ጣሳው ታንከሩ ውስጥ ያለውን የውሃ መጠን የሚያሳይ ምልክት ነበር። ሃያ ሦስት ሰው ሳቀ። ውብሸት ቆጥሯል። የጥርስ ሐኪሟ ብቻ አልሳቀችም፤ እሷም አርፍዳ ስለገባች ነው።

2.

ውሳኔ፦ አዲሱ ሥርዓት እስከ ኅዳር 15 ይሞከራል። ፈተናውን ካለፈ ውብሸት የፓምፕ ክፍሉን ቁልፍ አስረክቦ ወደ በር ጥበቃ ይዛወራል።

የጥበቃ ዩኒፎርሙ ከወዲሁ ተለክቷል።

3.

የአዲሱ ሥርዓት በጎ ጎን (በቅናት ተዘለለ እንዳይባል)፦

መብራት ሲሄድ ጄኔሬተሩ ራሱ ይነሳል። ድሮ ውብሸት ነበር ደረጃውን በሩጫ የሚወርደው፤ ጉልበቱ ምስክር ነው።

ሰው የሌለበት ክፍል መብራቱ ይጠፋል።

ሰው ኖሮ ካልተንቀሳቀሰም ይጠፋል። አራተኛ ፎቅ ያሉት ጠበቃ ፋይል ሲያነቡ በየአሥር ደቂቃው እጃቸውን እያወናጨፉ ብርሃን ይለምናሉ። ጸሐፊያቸው መጀመሪያ ያየች ዕለት ዛር የሰፈረባቸው መስሏት ጠበል ልታመጣ ነበር።

4.

ማሽኑ የማያውቀው፦

ሰፈሩ ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ነው፤ ማክሰኞና ዓርብ። ቀናት ቆይቶ የሚመጣ ውሃ መጀመሪያ ጭቃ ይዞ ነው የሚመጣው። ውብሸት የግቢውን ቧንቧ ከፍቶ፣ በነጭ ስኒ እየቀዳ እያየ፣ እስኪጠራ ያፈሰዋል። ውሃውን ወደ ጣሪያው ታንከር የሚገፋውን ፓምፕ የሚያስነሳው ከዚያ በኋላ ነው።

ማሽኑ ውሃ መኖሩን ያውቃል። ቀለሙን አያውቅም።

ውብሸት ይህን ሊናገር በስብሰባው ዕለት እጁን አውጥቶ ነበር። «ጥያቄ በመጨረሻ» ተባለ። መጨረሻ ላይ ምሳ ነበር።

አሁን አንተም አወቅህ፣ አንባቢ። አደራ።

5.

ፓምፑን ማሽኑ ማስነሳት ጀመረ፤ ውብሸት ነጩን ስኒ አጥቦ መደርደሪያ ላይ ደፋው።

6.

ሐሙስ፣ ኅዳር 13። ሦስተኛ ፎቅ፣ የጥርስ ክሊኒክ በር ላይ የተባለው፦

ሐኪሟ፦ ታካሚዬ አፉን ከፍቶ ተኝቷል፤ ጠብ የሚል ውሃ የለም!

ኢንጂነሩ፦ ስክሪኑ ታንከሩ መቶ በመቶ ሙሉ ነው ይላል።

ሐኪሟ፦ እንግዲያው ከስክሪኑ ይጉመጥመጥ!

ወይዘሮ የሺመቤት፣ የሕንፃው ሥራ አስኪያጅ፦ ውብሸት፣ እስቲ ወጥተህ እየው።

ወጥቶ አየው። ታንከሩ ውስጥ፣ ወለሉ ላይ አንድ ስንዝር ጭቃ። የውሃውን መጠን የሚለካው ዕቃ ጭቃ ለብሶ፣ እንደጠገበ ሰው «ሙሉ ነኝ» ይላል፤ ማሽኑም አምኖት ፓምፑን አላስነሳም።

ውብሸት ደስ አለው። ከዚያ ያ አፉን ከፍቶ የተኛው ሰው ትዝ አለውና ደስታው ጎመዘዘው።

7.

ያው ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሥራ አስኪያጇ ቢሮ።

«ለካ ባንተ ጊዜ ጭቃ ያልገባው ዘዴው አንተ ጋ ስለሆነ ነው፣ ጋሼ!» አለ ኢንጂነሩ ቅጽ ዘርግቶ። «ይህቺን ሙላልንና ማሽኑን እናስተምረው።»

«እሱ ከተማረ በኋላ፣ እኔስ?»

ኢንጂነሩ ወይዘሮ የሺመቤትን አየ። ወይዘሮ የሺመቤት መስኮቱን አየች።

«በሩ ጋ እኮ ጥላ አለው፣ ውቤ» አለች።

«ነገ ዓርብ ነው፤ ውሃ ይመጣል» አለ ኢንጂነሩ እስክሪብቶ እያቀበለ። «እባክህ ጋሼ፣ አንድ መስመር ብቻ።»

ውብሸት እስክሪብቶውን ተቀበለ። ክዳኑን ገጠመለት። ቅጹ ላይ አጋደመውና ወጣ።

8.

የዕውቀት ርክክብ ቅጽ

ጥያቄ፦ ፓምፑ ከመነሳቱ በፊት ምን ይደረጋል?

መልስ፦ ____________________