ሬዲዮ የሚጮኽበት ቤት

ሐዘን የገባበት ቤት ሬዲዮ አይከፈትም። ወይዘሮ ሙሉእመቤት ይህን ስለሚያውቁ፣ ልጃቸው እምሩ «ለአንድ ጥያቄ» ተብሎ ከተወሰደ ወዲህ ትንሿን ትራንዚስተር ዘግተዋት አያውቁም። ከፒያሳ እስከ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ የአብዮቱን ንግግር እስከ መጨረሻው የሚያዳምጥ ቤት ቢኖር የእሳቸው ብቻ ነው። ቀበሌው እንኳ «ንቃተ ኅሊናቸው ከፍ ያለ እናት» ብሎ በስብሰባ አስጨብጭቦላቸዋል።

ዛሬ የሬዲዮዋ ባትሪ ድንጋይ አለቀ። በከተማውም ድንጋይ የለም።

ድልድዩ አጠገብ ሬዲዮ የሚጠግነው በርሄ ከሌላ ዕቃ የተረፈ አዳፕተር አግኝቶ ቤታቸው ድረስ ይዞላቸው መጣ። እጁ ግን አልታዘዝ አለው። ጠዋት የእድሩ ዳኛ አቶ ካላዩ መጥተው ሹክ ብለውታል፦ «ልጁ ሞቷል። አብሮት የታሰረ ተፈቶ ነገረን። ሬዲዮ እየጮኸ መርዶ እንዴት ይነገራል? አንተ ብቻ አቃጥልልን፤ ነገ ጎህ ሲቀድ እንገባለን።»

ማቃጠሉ ቀላል ነበር። የአዳፕተሩ ቮልት ልክ ነው፤ ፕላስና ማይነሱ ግን የተገላቢጦሽ። እንዳለ ቢሰካው ሬዲዮዋ አንዴ ትሸትና ጸጥ ትላለች።

«ፍጠን እንጂ በርሄ!»

«እማማ፣ ይህ አዳፕተር ለሬዲዮዋ የሰው ጡት ነው፤ እንዳያስታውካት ብዬ ነው። ዛሬን ቢያሳርፏትስ?»

«እሷ ካረፈች እሱም አረፈ ይሉኛል።»

በርሄ ቀና ብሎ አያቸው። ስንት ሬዲዮ ከሞት ያስነሣ እጅ መግደል እምቢ አለው። ሽቦውን ቆረጠ፤ አቀያየረ፤ በየደ፤ ናስትሮ ጠቀለለበት። በቴስተር ለካ። አላመነም፤ ደግሞ ለካ።

ያኔ ከሬዲዮዋ ውስጥ የጎረምሳ ሳል ተሰማ።

ሶኬቱ ገና በበርሄ እጅ ላይ ነበር።

«አይዞህ» አሉት፣ የሻገተ ግድግዳ የመሰለ ፊቱን አይተው። «እምሩ ከማውራቱ በፊት ሁልጊዜ ጉሮሮውን ይጠርጋል።»

ሶኬቱን ሰካው። አስተዋዋቂው ስለ ቡና ለቀማ ዘመቻ ይለፈልፍ ጀመር።

አቶ ካላዩ የሬዲዮዋን መቃጠል ሊያጣሩ በሩ ላይ ብቅ ያሉት በዚህ መሀል ነው። ድምፁን ሲሰሙ በርሄን ገላመጡት።

«እንዴት ዋሉ፣ ወይዘሮ ሙሉእመቤት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ነገ ማለዳ እንደሚመጡ ከሬዲዮዋ ሰምቻለሁ፤ ይምጡ፣ ዜናውን አብረን እንሰማለን። ነጠላዎን ግን እንዳይዘቀዝቁት።»

አቶ ካላዩ እጃቸውን ወደ ነጠላቸው ጫፍ ሰደዱ። በርሄ ለእማማ የሬዲዮዋን ድምፅ ከፍ አደረገላቸው።